ነገረ ኅቡእ ስፍራ፦ ነጂው ስለማያየው የተሽከርካሪ ዙሪያ የቀረበ ዳሰሳ

መሪ ጨብጦ የተቀመጠ ነጂ፣ በፊቱ በተዘረጋው ሰፊ መስተዋት፣ በግራና በቀኝ ባሉት መስኮቶችና በሦስቱ ስፖኪዮዎች ታግዞ ዙሪያውን ሁሉ የሚያይ ቢመስለውም፣ ከእነዚህ በአንዱም የማይገለጡ፣ ሕፃንንም ብስክሌተኛንም ባጃጅንም፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉ አውቶሞቢልን ሰውረው የሚያስቀሩ ስፍራዎች በተሽከርካሪው ዙሪያ መኖራቸው ከመኪና ልደት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ታውቆ ሳለ ስምምነት ያልተደረሰበት ግን ይህን ኅቡእ ስፍራ የመመርመሩ ግዴታ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። አንገቱን ማዞር በሚገባው ነጂ ላይ ነውን? መስተዋቱን በቀረጸው መሐንዲስ ላይ ነውን? የጋቢናውን ቁመት በወሰነው ፋብሪካ ላይ ነውን? ወይስ ከባዱን መኪናና እግረኛውን በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ባገናኘው የከተማ ፕላን ላይ?

ከአንድ መቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን የተለመደው መልስ የመጀመሪያው ነበር፤ ጥፋቱ ባለማየት፣ ያለማየቱም ጥፋት በነጂው ስንፍና ይተረጎም ነበር። ይህ መልስ ለአንዱ ዓይነት አደጋ፣ ይኸውም በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ረድፍ በመቀየር ለሚደርሰው፣ በአብዛኛው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ለሚሞትበት ለሌላው ዓይነት፣ ይኸውም ከባድ መኪና በዝግታ ሲነሣ፣ ሲታጠፍና ወደ ኋላ ሲመለስ ለሚደርሰው፣ እምብዛም እንደማይሠራ ማስረጃዎቹ ተራ በተራ ሲመረመሩ ይታያል። (ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ስም የሚጠሩ አራት ነገሮች

ከሁሉ አስቀድሞ ኅቡእ ስፍራ በሚለው አጠራር ሥር አራት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው እንደሚነገሩ ማስተዋል ይገባል። አንደኛው በተሽከርካሪው አካል የሚጋረደው ነው፤ የፊት መስተዋቱን አቅፈው የያዙት ምሰሶዎች፣ ኮፈኑ፣ የወንበሮቹ መደገፊያ፣ የጭነቱ ሣጥንና ሸራው በነጂው ዐይንና በውጭው ዓለም መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማሉ። ሁለተኛው ከመስተዋት ጠባይዕ የሚመነጨው ነው፤ በነጂው በኩል ያለ ጠፍጣፋ ስፖኪዮ ከ15 እስከ 17 ዲግሪ የሚደርስ ቀጭን ማዕዘን ብቻ ስለሚያሳይ፣ መስተዋቱ የሚያሳየው በሚያልቅበትና የነጂው የጎን ዕይታ በሚጀምርበት መካከል ማንም የማይጠብቀው ክፍተት ይቀራል።

ሦስተኛው ከራሱ ከዐይን የሚመጣ ነው። በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ኤድም ማርዮት የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ የዐይን ጅማት ወደ ውስጥ በሚገባበት ነጥብ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንደማይታይ አረጋግጦ ነበርና፣ ብዙ ሰዎች የመንገዱን ኅቡእ ስፍራ ከዚህ ነጥብ ጋር ያዛምዱታል። ነገር ግን የአንዱን ዐይን ጉድለት ሌላው ስለሚሸፍነው ለነጂ የሚያሠጋው ይህ አይደለም። የሚያሠጋው ጥርት ብሎ የሚታየው የዕይታ ማዕከል 2 ዲግሪ ያህል ጠባብ መሆኑና፣ ዐይን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲዘል በዝላዩ ቅጽበት ኅሊና ጥርት ያለ ምስል አለመቀበሉ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንገቱን በፍጥነት አዙሮ የመለሰ ሰው፣ ዐይኑን በአንድ ነገር ላይ ካላሳረፈ፣ አየሁ ብሎ ሳያይ ሊቀር ይችላል።

አራተኛው የጊዜ ነው። ሲመረመር ባዶ የነበረው ስፍራ መሪው በሚዞርበት ጊዜ ባዶ ላይሆን ይችላል፤ በረድፉ የሚመጣው ሌላ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢበልጠው እንኳ በየሴኮንዱ ከ8 ሜትር በላይ ይቀርበዋልና። እነዚህን አራቱን ሳይለይ የሚደረግ ክርክር፣ አንዱ ስለ ግድግዳ ሌላው ስለ ሰዓት እየተናገሩ እንደሚጣሉ ሰዎች ያለ ፍጻሜ ይቀራል፤ በጉዳዩ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገርም ይህን ጉድለት ተሸክሟል።

ጥንተ ነገሩ

አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ ወደ አዲስ አበባ በገባችበት ወራት በአውሮፓም ቢሆን መኪና ስፖኪዮ አልነበራትም። ዶሮቲ ሌቪት የተባለችው እንግሊዛዊት የእሽቅድምድም ነጂ በ1909 ለሴቶች ነጂዎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነጂዋ እጀታ ያለው ትንሽ መስተዋት እንድትይዝና ወደ ኋላ ማየት ባስፈለጋት ጊዜ ከፍ አድርጋ እንድትመለከትበት መክራለች፤ በጽሑፍ ከቀሩት ምክሮች ሁሉ ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ በኢንዲያናፖሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው የ500 ማይል እሽቅድምድም፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ከጎናቸው ወደ ኋላ እየተመለከተ የሚነግራቸው መካኒክ አስቀምጠው ሲቀርቡ፣ ሬይ ሃሩን ብቻ ማርሞን በተባለችው ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ላይ ሆኖ መጣ፤ ባልንጀሮቹ ይህ ለሌሎች አደገኛ ነው ብለው ቢያጉረመርሙ፣ ከመሪው በላይ መስተዋት አስተክሎ ተወዳደረ፣ አሸነፈም። የመኪና መስተዋት ታሪክ ሲጻፍ ይህ ድል ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ሃሩን በኋላ ዘመን የተናገረው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መንገዱ በጡብ የተነጠፈ ስለ ነበረ መስተዋቱ እጅግ ይንቀጠቀጥ ነበርና በውስጡ ምንም አላየሁም ማለቱ ነው። እንግዲህ ማጉረምረሙን ጸጥ ያሰኘው መሣሪያ ሥራውን አልሠራም ነበር። የደኅንነት መሣሪያ መኖሩ የደኅንነት ማስረጃ ሆኖ የሚቆጠርበት ልማድ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩን አልተለየውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1921 ኤልመር በርገር የተባለ አሜሪካዊ የኋላ ማሳያ መስተዋትን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከኋላ የሚከተልን ፖሊስ ለማየት ይረዳል በማለት ነበር ያስተዋወቀው፤ ነጂውን ከሕግ የሚጠብቅ ዕቃ ቆይቶ በሕግ የታዘዘ ዕቃ ሆነ። በጎን በኩል የሚተከለው ስፖኪዮ ደግሞ ብዙ ዘመን በነጂው በኩል ብቻ ነበረ፤ የወዲያኛው ጎን ተጨማሪ ዋጋ ለከፈለ ገዢ የሚሰጥ ጌጥ ሆኖ ቆየ።

ጃፓን ከሌላው ዓለም የተለየ መንገድ ተከተለች፤ እስከ 1983 ድረስ የጎን መስተዋት በፓራፋንጎው ላይ፣ ከፊት መንኰራኵሩ በላይ፣ እንዲተከል ታዝዝ ነበር። መስተዋቱ ከዐይን ስለሚርቅ ምስሉ ያንሳል፤ ነገር ግን በፊት መስተዋቱ ውስጥ አልፎ ስለሚታይ ነጂው አንገቱን ሳያዞር ዐይኑን ብቻ ዘንበል አድርጎ ይመለከተዋል። ሕጉ ከተሻረ በኋላም በዚያ አገር ለታክሲ ተብለው በሚሠሩ መኪኖች ላይ ይህ አተካከል እስከ ዘመናችን አልጠፋም።

ጠፍጣፋና ጎባጣ

የመስተዋቱ መልክ ራሱ በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል እስከ ዛሬ ያልታረቀ ልዩነት ፈጥሯል። የአሜሪካ ሕግ በነጂው በኩል ያለው መስተዋት ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ የሚያሳይ ጠፍጣፋ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በወዲያኛው ጎን ፊቱ ወደ ውጭ የጎበጠ መስተዋት ይፈቅዳል፣ ነገር ግን የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይልቅ ቅርብ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲቀረጽበት ያዝዛል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ በመንዳት የሚተዳደሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ጽሑፍ ዘወትር በቀኛቸው ያነቡታል። የአውሮፓ ደንብ በበኩሉ ጎባጣውን በሁለቱም ጎን ይፈቅዳል፤ ከዚህም አልፎ ውስጠኛው ክፍሉ ለዘብ ብሎ፣ ወደ ዳር ሲወጣ እየባሰ የሚጎብጠውን ይቀበላል።

ጠፍጣፋውን የሚደግፉት ሰዎች ክርክር ስለ ርቀት ነው፤ ነጂው ከኋላው የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት በትክክል ካልገመተ፣ ማየቱ ብቻ አይጠቅመውም ይላሉ። ጎባጣውን የሚደግፉት ደግሞ ርቀቱ የተሳሳተ ምስል ጨርሶ ከማይታይ እውነት ይሻላል ይላሉ። ለዚህ ክርክር ጠቃሚ ማስረጃ ያቀረቡት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የተለያዩ መስተዋቶች ያሏቸው መኪኖች በአንድነት ከሚነዱባት ከፊንላንድ የተሰበሰበውን የአደጋ መዝገብ መርምረው፣ በነጂው በኩል ጎባጣ መስተዋት ያላቸው መኪኖች ረድፍ ሲቀይሩ የሚያደርሱት አደጋ ጠፍጣፋ ካላቸው በ23 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በርቀት መሳሳት ያደርሳል የተባለው ጉዳት ጎልቶ አልታየም። አንድሩ ሂክስ የተባሉት በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርም በ2012 የባለቤትነት መብት ያገኙበት መስተዋት፣ በረቀቀ ስሌት የተቀረጸ ሆኖ፣ ምስሉን እምብዛም ሳያጣምም 45 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ ጠፍጣፋ አይደለምና በአሜሪካ ፋብሪካዎች በነጂው በኩል ሊገጠም አልተፈቀደለትም። ማስረጃው ለአውሮፓው አሠራር እንደሚያደላ በዚህ ላይ መናገር የሚያስደፍር ይመስላል።

ለኢትዮጵያ ነጂ ግን ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣል። ወደ አገር የሚገቡት መኪኖች ለልዩ ልዩ ገበያዎች የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚነዳ ሰው በአንዱ ስፖኪዮ ሩቅ የመሰለው በሌላው ቅርብ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጎባጣው መስተዋትም ማስጠንቀቂያው ያልተጻፈበት ሲሆን ልዩነቱን የሚነግረው የለም።

አንገትን ስለ ማዞር

መስተዋት ምንም ቢሻሻል ዐይን በቀጥታ ማየት አለበት የሚለው አስተያየት ከሁሉ የጸናው በጀርመን ነው፤ በዚያ አገር የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ረድፍ ከመቀየሩ ወይም ከመታጠፉ በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያልተመለከተ ተፈታኝ ጥፋት ይቆጠርበታል። በብሪታንያም ለሞተር ብስክሌተኞች ከመታጠፍ በፊት የምትደረገው የመጨረሻዪቱ ዘወር ማለት ነፍስ አዳኝ ተብላ ትጠራለች። የዚህ ወገን መከራከሪያ ቀላል ነው፤ መስተዋት ይዛነፋል፣ ጭቃ ይለብሳል፣ በዝናብ ይደበዝዛል፣ አንገት ግን ከነጂው ጋር ነው።

ተቃዋሚዎቹም ቀላል የማይባል መልስ አላቸው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንገቱን አዙሮ የሚመልስ ነጂ በዚያ መካከል ከፊቱ ያለው መኪና ፍሬን ቢይዝ አያይም። አንገታቸው የደረቀ አረጋውያንም አሉ። ይህን መልስ በሥርዓት ያቀረቡት ጆርጅ ፕላትዘር የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው፤ በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ብዙው ሰው ኅቡእ ስፍራ የሚለው መስተዋቱ ባልተገባ አኳኋን ስለ ተቃና ብቻ የሚፈጠር ነው አሉ። ነጂዎች ስፖኪዮአቸውን የሚያቀኑት የራሳቸው መኪና ጎን በመስተዋቱ ዳር እንዲታይ አድርገው ነው፤ በዚህም የጎኑ መስተዋት መካከለኛው መስተዋት የሚያሳየውን ያንኑ ደግሞ ያሳያል፣ ዳሩም ያለ ጠባቂ ይቀራል። የፕላትዘር ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ነጂው ራሱን ወደ ግራ መስኮት አስጠግቶ የመኪናው ጎን በግራው ስፖኪዮ ዳር ገና ብቅ እስኪል ድረስ መስተዋቱን ወደ ውጭ ይገልጠዋል፤ ቀጥሎም በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወዳለው አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ለቀኙ እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሲቀመጥ የራሱን መኪና ጎን አያይም፤ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣው መኪና ከመካከለኛው መስተዋት ሳይጠፋ በጎኑ መስተዋት ይታያል፣ ከጎኑ መስተዋት ሳይጠፋም በመስኮቱ ብቅ ይላል።

ሥርዓቱ በስሌት ረገድ እንከን የለውም፤ የሚቸግረው በታሳቢው ላይ ነው። መካከለኛው መስተዋት ጥርት ብሎ ወደ ኋላ ያሳያል ተብሎ ታስቧልና። ተሳፋሪ ጢም ብሎ በሞላበት የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መካከለኛው መስተዋት የሚያሳየው የሰው ፊትና ፌስታል ነው፤ በጭነት መኪናም ጨርሶ የለም። እንዲህ ባለው ተሽከርካሪ ላይ የጎን መስተዋቶቹን እጅግ ወደ ውጭ መግለጥ ልክ ከኋላ ያለውን ረድፍ ወደ ኅቡእነት ይለውጠዋል። ወደ ኋላ ለመመለስና ለማቆምም የራስን ጎን ማየት ግድ ነው። ስለዚህ የፕላትዘር ምክር ለቤት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ እጅግ የተገባ ሲሆን፣ ለሁሉ ተሽከርካሪ የሚሆን ሕግ ተደርጎ መወሰዱ ግን ስሕተት ነው፤ የጀርመኑ ሥርዓት ደግሞ ተሸናፊ አይደለም፣ ሁለቱ ቢደመሩ እንጂ ቢለያዩ አይሻልም፤ የትከሻውን ዕይታ አጭርና በአንድ ነገር ላይ የሚያርፍ ማድረግ ይበቃል።

ከፊት የሚሰወረው

ስለ ጎንና ስለ ኋላ ብዙ ሲጻፍ ከፊት ስለሚሰወረው ጥቂት ብቻ መጻፉ ያስገርማል። የፊት መስተዋቱ ምሰሶ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውና ከነጂው ዐይን 70 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ለአንድ ዐይን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይጋርዳል፤ ሁለቱ ዐይኖች ተባብረው ሲያዩም ቢሆን 1 ሜትር ያህል ሳይገለጥ ይቀራል፣ ይህም ለቆመ ሰው ወይም ፊት ለፊት ለሚመጣ ሞተር ብስክሌት ይበቃል። ከሁሉ የሚብሰው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ተንቀሳቃሾች ወደ አንድ የመጋጫ ነጥብ በማይለዋወጥ ፍጥነት ሲሄዱ፣ አንዱ ለሌላው ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ይታያልና፣ በምሰሶው የተጋረደው ሰው እስከ ግጭቱ ድረስ እንደ ተጋረደ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ ጭንቅላትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው፤ በመንጃ ትምህርት ቤት ግን እንደ ስፖኪዮው ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ምሰሶው የወፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ በ2009 ባወጣችው ደንብ የመኪና ጣሪያ በግልበጣ ጊዜ ሊሸከም የሚገባውን ኃይል ከክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አደረገች፤ ተሳፋሪውን የሚያድነው ብረት እግረኛውን ይሰውራል። ኮፈንም እየረዘመ ሄዷል። በ2025 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ነጂው ከመኪናው ፊት ባለው 10 ሜትር ውስጥ ያለውን መሬት ምን ያህል እጅ እንደሚያይ ሲለካ፣ የ1997ቱ ሆንዳ ሲአር-ቪ 68 በመቶ ያሳይ የነበረው በቅርቡ ሥሪት ወደ 28 በመቶ ወርዶ ተገኘ፤ ሸቭሮሌ ሰበርባንም ከ56 ወደ 28 በመቶ ወርዷል። በዝቅተኞቹ የቤት መኪኖች ላይ የታየው ለውጥ ጥቂት ነው። ይህ ኅቡእ ስፍራ አንገት በማዞር የሚመረመር አይደለም፤ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሸጠ ነው።

ከባዱ መኪናና በአጠገቡ ያለው ሰው

ጉዳዩ ከሁሉ የከበደበት ስፍራ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑ ይገምታል፤ በአዲስ አበባም ከሟቾቹ አብላጫው እግረኛ ነው። ከፍ ባለ ጋቢና ላይ የተቀመጠ የጭነት መኪና ነጂ ከፓራውልቱ ፊት የቆመን አጭር ሰው አያይም፤ ከሁሉ ሰፊው ኅቡእ ስፍራው ደግሞ ከወዲያኛው ጎን ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ ስለ ተዛወረች መሪው በግራ ነው፤ እንግዲህ በጣም የሚሰወረው የቀኙ ጎን ነው፣ ይኸውም ታክሲ ጠባቂው የሚሰለፍበት፣ ባጃጁ የሚሹለከለክበት የመንገዱ ዳር ነው።

ለዚህ ችግር የአውሮፓ የመጀመሪያ መልስ መስተዋት መጨመር ነበር። ኔዘርላንድ ከ2003 ጀምሮ በጭነት መኪኖች ላይ ተጨማሪ የጎን ዕይታ መሣሪያ አስገደደች፤ በዚያ ወራት አደጋው ቀነሰ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ ወደ ቀድሞው ልክ ተጠጋ። አንዳንዶች መቀነሱን ያመጣው መስተዋቱ ሳይሆን በዚያን ጊዜ በሕዝብ ዘንድ የተነሣው ወሬና ጥንቃቄ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ነጂዎቹ መስተዋቱን መመልከት ተዉ ይላሉ። ሦስተኛ ምክንያትም አለ፤ ስድስት መስተዋት ያለው ነጂ ስድስተኛውን ሲመለከት የመጀመሪያው የነገረው አርጅቷል። ከላይ አራተኛ ያልነው፣ የጊዜው ኅቡእነት፣ በመስተዋት ብዛት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በ2016 የሊድስ ዩኒቨርሲቲና አሩፕ የተባለው የምሕንድስና ድርጅት ለለንደን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያቀረቡት ጥናት፣ በመስተዋት የሚያይ ነጂ በቀጥታ በመስኮት ከሚያይ ይልቅ 0.7 ሴኮንድ ዘግይቶ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ፤ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 4.7 ሜትር ተጨማሪ ጉዞ ነው። ለንደንም ከዚህ ተነሥታ ከ2021 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆኑትን መኪኖች ነጂው በቀጥታ በሚያየው መጠን ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጠች፣ ዝቅተኛውን ልክ ያላሟላ ተጨማሪ መሣሪያ ሳይገጥም እንዳይገባ ከለከለች፤ በ2024 መጨረሻም ልኩን ወደ ሦስት ኮከብ ከፍ አደረገች። የዚህ ሥርዓት ልዩ ነገሩ ነጂውን ሳይሆን ጋቢናውን መፈተኑ ነው።

በእኛ አገር ይህን ክፍተት እስካሁን የሚሞላው ረዳቱ ነው። በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ረዳቱ ወርዶ ከቀኝ ጎን በስተኋላ ይቆማል፤ በመዳፉ የሣጥኑን ብረት ደጋግሞ እየመታ «ና! ና! ና!» ይላል፣ ጫናውን የተሸከመ ሰው ከኋላ ሲያልፍበት ምቱን አንድ ጊዜ አጥብቆ «በቃ!» ብሎ ያስቆማል። ነጂው የሚያየው ነገር የለም፤ በጆሮው ነው የሚነዳው። ይህን ሥራ ኋላ ቀር ብሎ መናቅ ይቀላል፤ ነገር ግን ረዳቱ አንድ ካሜራ የማይችለውን ያደርጋል፣ ከኋላ ያለውን ሰው ዞር በል ብሎ ያስጠነቅቃልና። ጉድለቱ ራሱ በዚያው ኅቡእ ስፍራ ውስጥ መቆሙ ነው፤ ነጂው ምቱን ባይሰማ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ይሆናል።

የሚያስጠነቅቁ መሣሪያዎች

ቮልቮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከስፖኪዮው ሥር ካሜራ ተክሎ፣ በጎን ኅቡእ ስፍራ መኪና ሲኖር መብራት የሚያበራ መሣሪያ አወጣ፤ ሌሎችም በራዳር ተከተሉት። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2017 ባወጣው ጥናት መሣሪያው ረድፍ በመቀየር የሚደርሰውን አደጋ በ14 በመቶ፣ የአካል ጉዳት የሚያስከትለውን በ23 በመቶ ዝቅ አድርጎ አግኝቶታል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከ100 አደጋዎች 86ቱ እንዳሉ ናቸው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2014 በሞከራቸው መሣሪያዎች ደግሞ ሞተር ብስክሌት ከመኪና ይልቅ 26 በመቶ ዘግይቶ ተገለጠ፤ ጥበቃው ይበልጥ ለሚያስፈልገው ጥበቃው ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ስለ መመለስ አሜሪካ በ2008 ያወጣችው ሕግ በቤተ ሰቡ መኪና ተጨፍልቆ በሞተ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም የተሰየመ ነው፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮም በአዲስ ቀላል መኪና ሁሉ ላይ የኋላ ካሜራ ግዴታ ሆኗል። ካሜራ ብቻውን በፖሊስ የተመዘገበውን የኋልዮሽ አደጋ በ17 በመቶ ሲቀንስ፣ ድምፅ ሰጪና በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ሲታከልበት ቅናሹ 78 በመቶ ደረሰ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትልቁን ነገር ይናገራል፤ ምስል ማሳየት አንድ ነገር፣ ነጂው ምስሉን በጊዜው መመልከቱ ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ ከባድ መኪናና አውቶቡስ ሁሉ ላይ በጎን ያለ ብስክሌተኛንና በፊት የቆመ እግረኛን የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲኖር አዝዟል፤ ውጤቱን ለመመዘን ጊዜው ገና ነው።

ያልተቋጩት ክርክሮች

ካልተቋጩት ክርክሮች አንዱ ነጂው በመሣሪያ ሲታመን ትጋቱ ይቀንሳል የሚለው ነው። ሳም ፔልትዝማን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1975 ይህን ስለ ደኅንነት ደንቦች በአጠቃላይ ጽፈው ብዙ ክርክር አስነሥተዋል፤ የኋለኞቹ ጥናቶች ነጂ ከጥቅሙ ከፊሉን እንደሚያባክን እንጂ ሁሉን እንደማያጠፋ ወደማሳየት ያደላሉ። በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ማየት የተወ ሰው መሣሪያ በሌለው መኪና ሲነዳ ምን እንደሚሆን ግን በሚገባ የተጠና አይመስልም፤ ለአገራችን ይህ ዋና ነገር ነው፣ አንድ ነጂ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሠላሳ ዓመት መኪናና አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሊነዳ ይችላልና።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በተለይ ከቻይና የሚመጡት፣ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ከላይ እንደሚያዩት አድርጎ የሚያሳይ ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ ማስጠንቀቂያቸው ነጂው በማያነበው ቋንቋ ይጻፋል። ጃፓን ከ2016 ጀምሮ ስፖኪዮን ጨርሶ በካሜራ መተካትን ፈቅዳለች፤ የአውሮፓ ደንብም ይፈቅዳል፣ አሜሪካ ግን መስተዋቱን አልተወችም። እዚህ ላይ ብዙ ያልተነገረለት ልዩነት አለ። በጠፍጣፋ መስተዋት የሚታየው ምስል ለዐይን እንደ ሩቅ ነገር ነው፤ መንገዱን ሲመለከት የነበረ ዐይን ትኩረቱን እምብዛም ሳይለውጥ ያየዋል። የካሜራው ምስል ግን ከክንድ ርቀት በማይበልጥ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ለማንበብ መነጽር የሚፈልግ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ነጂ ይህን ሰሌዳ በቅጽበት አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል። የእኛ የከባድ መኪና ነጂዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ቢሆኑ ጉዳዩ ይቀልላል፤ ባይሆኑ ግን መስተዋቱን ማስቀረት አይገባም።

የመጨረሻው ያልተቋጨ ነገር የመዝገብ ነው። በአገራችን የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ከአደጋ መንስኤዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጻፈው ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት ነው። በዚህ አርእስት ሥር እግረኛውን እያየ ያለፈው ነጂና፣ እግረኛው ከፓራውልቱ ሥር ቆሞ ስለ ነበረ ጨርሶ ያላየው ነጂ በአንድ ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ቅጣትና ትምህርት፣ የሁለተኛው መድኃኒት ዝቅ ያለ ጋቢና፣ ካሜራ ወይም ከባዱ መኪና የሚነዳበትን ሰዓት መወሰን ሆኖ ሳለ። ኔዘርላንድና ለንደን ጉዳዩን ሊመረምሩ የቻሉት መዝገባቸው መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ነበር ወይስ ሲታጠፍ፣ ወደየት ሲታጠፍ፣ ተጎጂውስ በየትኛው ጎን ነበር የሚለውን ስለሚለይ ነው፤ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በእኛም የአደጋ ቅጽ ላይ በየጊዜው ካልተሞሉ፣ ከአዲስ አበባ ሟቾች ስንቱ በኅቡእ ስፍራ፣ ስንቱ በንዝህላልነት እንደ ሞተ መለየት አይቻልም።